ከውጭ አገር ሆኖ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችን ልጆች በኢንተርኔት ማስጠናት

በዋሽንግተን አካባቢ ሆነው በአዲስ አበባ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችን ልጆች ለማስጠናት ያሰቡ ወገኖች፣ ታብሌት ከመግዛታቸው በፊት የቤቱን የሥራ ሰዓት ከወላጆች ጠይቀው መረዳት ይኖርባቸዋል። በሸማኔ ቤት ልጆች ማግ በማጠንጠን ያግዛሉ፤ በተለይ እንቁጣጣሽ፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረቡ የነጠላና የቀሚስ ትእዛዝ ስለሚበዛ፣ በእነዚያ ሳምንታት የቀረውን ልጅ ከመውቀስ ጥናቱን ማሳጠር እጅግ ይሻላል።

አሜሪካ ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለምትቀይር፣ ቅዳሜ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት) የሚጀመር ጥናት በአዲስ አበባ አንዳንዴ ከቀኑ 10፣ አንዳንዴም 11 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ለውጡን አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ለጅማሬ ለከተማ አቀፍ ፈተና የሚዘጋጁ 5 ወይም 6 የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ይበቃሉ። የሚጠናውን ምዕራፍ መምህራቸው ይምረጥ። መስመሩ ሲደክም ቪዲዮውን ትቶ በቴሌግራም ድምፅና የደብተር ፎቶ መላላክ ይቻላል። በየጥናቱ አንድ የታመነ አዋቂ አብሮ ይቀመጥ፤ የልጆቹም ፎቶ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ፈጽሞ አይዋል። ሂሳቡን ከሚያውቁት መጀመር ጠቃሚ ነው፦ አባት በክንድ የለካውን ጋቢ ልጁ በሜትር ለክቶ ጥምርታውን ያስላ።