የአየር ንብረት መረቡ ለምን ወደ ዋልታዎቹ አደላ?

የምድርን የሙቀት መረጃ ወደ መረብ ቀይሬ ኤልኒኞን፣ ማለትም የሰላማዊ ውቅያኖስ ወገብ አካባቢ ከወትሮው የሚሞቅበትን ክስተት፣ ለማየት እየሞከርኩ ነበር። እነ ሶኒስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የታወቀ ዘዴ ነው። በካርታው ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ አንጓ ይሆናል። የሁለት ነጥቦች ሙቀት አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ በመስመር ይገናኛሉ።

ውጤቱ ግን ግራ የሚያጋባ ሆነ። መስመር የበዛው በሰላማዊ ውቅያኖስ ሳይሆን በሁለቱ ዋልታዎች ዙሪያ ነበር።

መጀመሪያ ወቅቶችን ጠረጠርኩ። ከእያንዳንዱ ወር ሙቀት ላይ የዚያን ወር የረጅም ዘመን አማካይ ቀነስኩ። ይህ የግድ ነው፤ አለዚያ በጋና ክረምት ሁሉንም ነጥብ ያገናኛሉ። ብዙ የውሸት መስመር ረገፈ። የዋልታዎቹ ነገር ግን ንቅንቅ አላለም።

ጣጣው ያለው የነጥቦቹ አቀማመጥ ላይ ነው። መረጃው በየ2.5 ዲግሪው የተከፋፈለ ነው። ምድር ወገብ ላይ በምሥራቅ-ምዕራብ አቅጣጫ ሁለት ጎረቤት ነጥቦች 278 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። 60 ዲግሪ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ደቡብ የሚለካ ርቀት) ላይ ይህ ርቀት በግማሽ ይቀንሳል። 85 ዲግሪ ላይ ደግሞ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። እዚያ የታጨቁት ነጥቦች የሚለኩት ያንኑ አየር ነው፤ ታዲያ እንዴት አይገናኙ!

ስለዚህ መስመሮችን መቁጠር ትቼ፣ እያንዳንዱን አንጓ በሚወክለው የምድር ገጽ ስፋት መዘንኩት። ክብደቱ የኬክሮሱ ኮሳይን ነው። በኮድ አንድ መስመር ብቻ ነው የጨመርኩት።

የዋልታዎቹ ክምችት ጠፋ። ለእኛ የክረምት ዝናብ ትልቅ ትርጉም ያለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ወገብ ጎልቶ ወጣ። በጣም ደስ አለኝ! ከዜሮ ለሚጀምር፣ ፓይዩኒኮርን የተባለው የፓይተን ጥቅል ይህን ሚዛን አካቶ ይዟል።