ስለ ጥንት ግሪኮች ቀብር ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ግሪኮችን ከግብፆች ጋር መቀላቀል ነው። ግሪኮች ሬሳ አድርቆ የማቆየት ልማድ አልነበራቸውም። አቴና ውስጥ ሰው ሲሞት የቤቱ ሴቶች ሬሳውን አጥበው፣ ዘይት ቀብተውና ገንዘው አልጋ ላይ ያጋድሙታል። ሙሾ ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ቀብር ይወጣል። ይህን ያህል ቆይቶ ለሚቀበር ሰው ሌላ ማቆያ አያስፈልግም።

ጭንቀቱ የሚመጣው ንጉሥ ከአገሩ ርቆ ሲሞት ነው። የስፓርታው ንጉሥ አጌሲፖሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ380 ሰሜን ግሪክ ውስጥ ዘምቶ ሳለ፣ በበጋው ሙቀት ኃይለኛ ትኩሳት ያዘው። ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ናፍቆት ወደ ወይን አምላኩ ወደ ዲዮኒሶስ ቤተ መቅደስ ወሰዱት፤ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ሬሳውን ማር ውስጥ አኑረው አገሩ አስገቡትና በንጉሥ ወግ ተቀበረ። ማር እርጥበትን ስለሚስብ የሚያበሰብሱት ተህዋስያን አይራቡበትም። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ንጉሥ አጌሲላዎስ ከግብፅ ሲመለስ ሊብያ ላይ ሲሞት ደግሞ ማር ጠፋ፤ ሰዎቹ ሰም አቅልጠው ሬሳውን ሸፈኑት። ተራው የስፓርታ ሰው ግን እዚያው በሞተበት አፈር ይቀበር ነበር። ይህን ልዩነት መዝለል ታሪኩን ያዛባል።

ታላቁ እስክንድርን ለግሪክ ልማድ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስም አያስኬድም። በ323 ባቢሎን ላይ ሲሞት ሬሳውን ያሰናዱት ግብፃውያንና ከለዳውያን እንደነበሩ ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ኩርቲዮስ ጽፏል።

“ግሪኮች ሬሳ ያቃጥሉ ነበር” ብሎ መደምደም ሌላው ስህተት ነው። በአቴናው የኬራሜይኮስ መካነ መቃብር የተቃጠሉትም ያልተቃጠሉትም ጎን ለጎን ተገኝተዋል። ለሙታን አሻጋሪው ለካሮን በአፍ ውስጥ ይቀመጥ የነበረው ሳንቲምም ከብዙ መቃብሮች አልተገኘም፤ “ሁሉም” የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ይተዉት።

በመጨረሻ፣ በመቃብር ዕቃ ለመፍረድ አይቸኩሉ። ሌኪቶስ የሚባለው ነጭ የዘይት ዕቃ ከውጭ ሲታይ ብዙ የሚይዝ ይመስላል። በአንዳንዱ ውስጥ ግን ከአንገቱ ሥር የተጣበቀች ትንሽ ብልቃጥ አለች፤ ዘይቱ የሚሞላው እሷን ብቻ ነው። ሙታንን ማታለል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጥሩ ዘይት ውድ ነው፤ ቤተሰቡ ያቺን ጥቂት ዘይት በሚያምር ዕቃ አድርጎ ለሟቹ ሰጥቷል።