መብራት ሲጠፋ ወለሉን ያጥለቀልቅ የነበረው ሳምፕ
ባሕር ዳር ከተማ መብራት በጠፋ ቁጥር ከጨው ውሃ አኳሪየሙ (የዓሣ ማቆያ ገንዳው) ሥር ያለው ሳምፕ፣ ማለትም ከላይ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበለው ትንሽ ገንዳ፣ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ አሁን ቆሟል።

ምክንያቱ የመመለሻው ቱቦ (ፓምፑ ውሃውን ከሳምፑ ወደ ላይኛው ገንዳ የሚመልስበት) ነው፤ አፉ ከላይኛው ገንዳ የውሃ ገጽ 8 ሴ.ሜ ጠልቆ ነበር። ፓምፑ ሲቆም ውሃው በዚያው ቱቦ ወደ ኋላ ይሳባል። 100 በ50 ሴ.ሜ በሆነ ገንዳ 1 ሴ.ሜ ውሃ 5 ሊትር ስለሆነ 40 ሊትር ይወርዳል፤ 60 በ40 በሆነው ሳምፕ ውስጥ ይህ ወደ 17 ሴ.ሜ ከፍታ ነው።

የቱቦውን አፍ ከገጹ 2 ሴ.ሜ ብቻ ዝቅ እንዲል ከፍ አደረግነው፤ ከገጹ 1 ሴ.ሜ ዝቅ ብሎም 6 ሚ.ሜ ቀዳዳ በሳንበት፤ አየር ሲገባበት ስበቱ ይቋረጣል። ቀዳዳውን አልጌ ስለሚደፍነው በየሳምንቱ በጥርስ ብሩሽ ይጸዳ። በቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ቫልቭ) ብቻ መተማመን ግን አደገኛ ነው፤ ትንሽ ቆሻሻ ከያዘው አይዘጋም።

ውሃውን ከላይኛው ገንዳ ወደ ሳምፑ ለማውረድ ሁለት ቱቦ ያስፈልጋል፦ አንዱ በጌት ቫልቭ (ፍሰቱን ቀስ በቀስ በሚከፍትና በሚዘጋ ቫልቭ) የሚስተካከል፣ ሌላው አፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ምንም ቫልቭ ክፍት የሚቆይ። የመጀመሪያው ቢደፈን ሁለተኛው የላይኛውን ገንዳ ያድነዋል።

መጨረሻ ላይ ፓምፑን ነቅሎ ውሃው መውረዱን እስኪያቆም መጠበቅ። ሳምፑ ካልፈሰሰ ፓምፑን መልሶ መሰካት፤ ፍሰቱ ሲረጋጋ የሳምፑን ከፍታ በማርከር ማስመር። ከዚያ መስመር በላይ ውሃ አይጨመርም።