የአፈር ናይትሬት ቁጥር እየወረደ ሲያስቸግር

ችግሩ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ደህና ይነበባሉ። ወደ መጨረሻው ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል።

ማሽኑን ተዉት፤ ኮለሙን (ናሙናው የሚያልፍበትን፣ በካድሚየም ብረት ቅንጣት የተሞላውን ቱቦ) ጠርጥሩ። ናይትሬትን ወደ ናይትራይት የሚቀይረው መዳብ የተቀባው ካድሚየም ነው። በ540 ናኖሜትር አካባቢ የምናነበው ሮዝ ቀለም የሚመጣው ከናይትራይቱ ነው። ያልተቀየረው አይታይም።

«መጠናቸው ከሚታወቅ ፈሳሾች (ከስታንዳርዶች) ያወጣሁት መለኪያ መስመር ቀጥ ያለ ነው እኮ!» የሚል አይጠፋም። ስታንዳርዶቹስ በየት አለፉ? በዚያው በደከመ ኮለም! መስመሩ ቀጥ እንዳለ ተዳፋቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በየአሥሩ ናሙና መካከል አንድ ስታንዳርድ አስገቡ።

አንድ ባልደረባዬ ሮዙን ቀለም የሚያወጣውን ሪኤጀንት ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ በጠበጠ። አምፖሉንም አስቀየረ። ለካ ዓርብ ማታ ቧንቧውን ሳይዘጋ ሄዶ ኖሯል፤ ሰኞ ካድሚየሙ ደርቆ አየር ገብቶበታል። ይህን ታሪክ ሰው እየቀያየርኩ ስንቴ እንዳየሁት!

ምርመራው ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው በሊትር 1 ሚሊግራም ናይትሮጅን ያላቸውን የናይትሬትና የናይትራይት ስታንዳርዶች ለየብቻ አሳልፉ። የናይትሬቱ ንባብ የናይትራይቱን ንባብ 90 በመቶ ካልደረሰ ኮለሙ መታደስ አለበት። ከ100 በደንብ ከበለጠ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፤ የናይትራይት ስታንዳርዱ አርጅቶ ሳይሆን አይቀርም።

ለማደስ ካድሚየሙን አውጥታችሁ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከዚያ በውሃ እጠቡት። በ2 በመቶ ኮፐር ሰልፌት 5 ደቂቃ አወዛውዙት። ሰማያዊው ሲደበዝዝ ድፉና በአዲስ ድገሙ፤ ቡናማ ዝቃጭ ሲጀምር ይበቃል። ቡናማው እስኪጠፋ በውሃ እጠቡ። ኮለሙን ውሃ ሞልታችሁ ነው የምትጠቀጥቁት፤ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ አትግባ። በመጨረሻ አንድ እጅ የናይትሬት ስታንዳርድና ሦስት እጅ አሞኒየም ክሎራይድ-ኢዲቲኤ መፍትሔ ቀላቅላችሁ አሳልፉ።

ጓንት አድርጉ። ካድሚየም ካንሰር ያመጣል። እጣቢውን ሲንክ ውስጥ የሚደፋ ሰው ላብራቶሪ ባይገባ ይሻላል። ደረቅ ብናኙንም አታስነሱ።

ደፍራሽ ጭማቂም (አፈሩ በፖታሲየም ክሎራይድ ተበጥብጦ የሚወጣው ፈሳሽ) ኮለም ይዘጋል፤ አጣሩ።

ብላንኩ (አፈር የሌለበት ማነጻጸሪያ) ከፍ ካለ መጀመሪያ ማጣሪያ ወረቀቱን ጠርጥሩ። ርካሹ ወረቀት ናይትሬት ይዞ ይመጣል፤ በፖታሲየም ክሎራይድ አስቀድማችሁ እጠቡት።

በካድሚየሙ ፈንታ በናይትሬት ኤሌክትሮድ (ፈሳሹ ውስጥ በሚነከር መለኪያ) የምትለኩ ከሆነ የፖታሲየም ክሎራይድ ጭማቂ አታስገቡ፤ ክሎራይዱ ያሳስተዋል።

ከሌላ ላብራቶሪ ውጤት ጋር 4.43 እጥፍ ልዩነት ካያችሁ አንዳችሁ ናይትሬት፣ አንዳችሁ የናይትሬት ናይትሮጅን (በናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ) ጽፋችኋል።

ሁሉም ከፍ ካለስ? እርጥቡ አፈር በፌስታል ታስሮ ሙቀት ላይ ሰንብቷል፤ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ናይትሬት ሲያመርቱ ከርመዋል። ይህን የሚያስተካክል ሪኤጀንት የለም። አዲስ ናሙና አስመጡ፤ በበረዶ ሣጥን ይምጣ።