የወደዳችሁትን ልብ ወለድ ጓደኛችሁም እንዲያነበው እንዴት ታደርጋላችሁ?

"ማንበብ ጥሩ ነው" የሚለውን ምክር ልጅ ሁሉ ሰልችቶታል፣ ከአስተማሪም ከወላጅም ከቲቪም ሲሰማው ነው የሚውለው። እኩያው መጥቶ "ይሄን መጽሐፍ ቶሎ ጨርሰውና እናውራበት፣ የማወራው ሰው አጣሁ" ሲለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፣ ልብ ወለድ በጣም እወዳለሁ፣ ለክላሴ ልጆችም ለታናሾቼ ጓደኞችም መጽሐፍ የምመርጥላቸው እኔ ነኝ፣ እና እዚህ የምጽፍላችሁ በደንብ ሲሰራ ያየሁትን መንገድ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1936 እ.ኤ.አ ለንደን ውስጥ ስታንሊ አንዊን የሚባል አሳታሚ አንድ ገና ያልታተመ የልጆች መጽሐፍ ደረሰው። ሰውዬው የልጆችን መጽሐፍ ጥሩ አድርጎ የሚፈርደው ልጅ ነው ብሎ ያምን ስለነበር ለ10 ዓመት ልጁ ለሬይነር ሰጠውና አንብቦ አስተያየቱን እንዲጽፍ አንድ ሽልንግ ከፈለው። ልጁ አጭር ነገር ነው የጻፈው፣ ጀብዱ የማያውቀው ዋናው ገጸ ባህሪ ማን እንደሆነ፣ ምን ላይ እንደሚወድቅ፣ ካርታ ካለው ስዕል እንደማያስፈልገው፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ሁሉ እንደሚሆን። መጽሐፉ በ1937 ታተመ፣ የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን "ሆቢት" ነው። ሬይነር መጨረሻውንም ጽፎታል፣ እሱ ለአባቱ ስለሆነ ልክ ነው፣ አሳታሚ መጨረሻውን ማወቅ አለበት። ለጓደኛ ግን መጨረሻ አይነገርም! ሌላውን በሙሉ ከሱ መውሰድ ይቻላል።

1. ከመጽሐፉ በፊት ልጁን እዩት

ሁላችንም የወደድነውን ይዘን ነው የምንሮጠው፣ ግን ያ ልጅ ምን እንደሚወድ ካላወቃችሁ ምርጡ መጽሐፍም አይሰራም። "ምን አይነት መጽሐፍ ትወዳለህ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ የማያነብ ልጅ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። በቅርብ ያየውን ፊልም ጠይቁት፣ የቱ ጋ ደስ እንዳለው ያወራላችኋል፣ ከዛ ወንጀል ምርመራ ይሁን ፍቅር ይሁን ጦርነት ይሁን የሚያስቅ ነገር ይሁን ይገባችኋል። ቀስ ብሎ ለሚያነብ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ አጭር ልብ ወለድ ስጡት፣ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነገር፣ "ጨረስኩ" ማለት ራሱ ትልቅ ደስታ ነው።

2. አንድ ብቻ ምረጡ

አስር መጽሐፍ ዘርዝራችሁ ብትልኩለት አንዱንም አያነብም። አንድ በቃ። እናንተ ራሳችሁ እስከ መጨረሻው ያነበባችሁት ይሁን፣ ኮቨሩን አይቶ ወይም ሰው ሲያወራ ሰምቶ መምከር ቶሎ ያስነቃል።

3. በሶስት አረፍተ ነገር ንገሩት

ሰውየው ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ከለከለው፣ በቃ። ለምሳሌ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ልንገር። የሐዲስ ዓለማየሁ ነው፣ በ1958 ዓ.ም የታተመ፣ ትልልቆቹ "ያላነበበ አላነበበም" እያሉ ያስፈራሩናል እንጂ ታሪኩን ማንም አይነግረንም። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ "በዛብህ የሚባል ልጅ አለ፣ በሕፃንነቱ ወላጆቹ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት። አድጎ ጎጃም ውስጥ የአንድ ሀይለኛ ባላባትን ልጅ ሊያስተምር ቤታቸው ይገባል፣ ሰብለ ወንጌል ነው ስሟ፣ ይዋደዳሉ። እሱ በስለቱ ምክንያት ማግባት የለበትም፣ አባትየው ደግሞ ለዘር የሚሞቱ ሰው ናቸው፣ አሁን ምን ይሆናል?" እዚህ ጋ ዝም በሉ። ልጁ "ከዛስ?" ካለ አለቀ፣ መጽሐፉን ስጡት። ከዛስ እያለ ቢለምናችሁም አትናገሩ እባካችሁ።

"በጣም አሪፍ ነው፣ ትወደዋለህ" ምናምን ግን ምንም አይነግረውም። እናንተን የያዛችሁን አንድ ነገር ለይታችሁ ጥቀሱ። እኔን የያዘኝ ጉዱ ካሳ ነው፣ ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው ግን በዛ ሁሉ ሰው መሀል የጌቶቹን ስርዓት ፊት ለፊት የሚተች ሰውዬ፣ እሱ የሚናገርባቸውን ገጾች እየተመለስኩ ነው የማነባቸው።

4. የሚከብደውን ቦታ አትደብቁ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለኔ ግን ከሁሉም ዋናው ይሄ ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር" ከ500 ገጽ በላይ ነው፣ የሚጀምረውም በዛብህ ሳይወለድ ከወላጆቹ ታሪክ ነው፣ የድሮ የጎጃም ኑሮ ነው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ቃላት አሉት። ልጁ ይሄን ሳያውቅ ከገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይተወዋል፣ ከዛም "እኔ ማንበብ አልችልም" ብሎ ያስባል፣ እሱ ደግሞ በጣም ያሳዝናል ምክንያቱም ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። "መጀመሪያው ቀስ ይላል፣ ሰብለ ቤት እስኪገባ ታገስ፣ ያልገባህን ቃል እለፈውና ቀጥል ወይ አያትህን ጠይቅ" በሉት። እድሜም አለ፣ በኔ አስተያየት ይሄ መጽሐፍ ከሰባተኛ ክፍል በታች ላለ ልጅ ገና ነው፣ ለሶስተኛ ክፍል ልጅ ተረት ወይም ስዕል ያለው መጽሐፍ ፈልጉለት። ሬይነር እድሜ የጻፈው ለዚህ ነው።

5. አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት

እረፍት ሰዓት ላይ ወይ ሰርቪስ ስትጠብቁ፣ አንድ ገጽ ብቻ። ንግግር ያለበትን ቦታ ምረጡ፣ የሰዎቹን ድምጽ ለያይታችሁ አንብቡ፣ ቶሎ ቶሎ አትበሉ። አንዱ ሰው ጥያቄ ጠይቆ ሌላው ሳይመልስ መጽሐፉን ዝጉት። ወላጆቻችን እኮ ይሄን መጽሐፍ የወደዱት በጆሮም ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ "ከመጻሕፍት ዓለም" ላይ ሲተርከው ሰምተው። ትረካው ዩቲዩብ ላይ አለ፣ በተለይ ዋሽንግተንም ይሁን ቴል አቪቭ ያደገ አማርኛ የሚሰማ ግን ፊደል የሚከብደው የአክስት የአጎት ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ላኩለት፣ መጽሐፉ እጁ ላይ ሆኖ እየሰማ ቢከተል ደግሞ ንባቡም ይሻሻላል።

6. መጽሐፉን እጁ ላይ አድርጉለት

ስሙን ነግራችሁት ከሄደ ይረሳዋል። የራሳችሁን አውሱት፣ ሽፋኑን በላስቲክ ለብጡት፣ የሚመልስበትን ቀን ተስማሙ። ከሌላችሁ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ጋ ጠይቁ፣ መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ በሰፈራችሁ ካለ መያዣ አስይዞ መውሰድ ነው፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ደግሞ 2014 ዓ.ም ላይ የተከፈተው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አብራችሁ ሂዱ፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፒዲኤፍ ግን እኔ አልልክም፣ ደራሲው ቁጭ ብሎ ስንት ጊዜ ለፍቶበት በነጻ ሲዞር ያናድደኛል፣ ያለፈቃድ ከሆነ በቃ ስርቆት ነው።

7. ከዛ በኋላ

"የት ደረስክ" እያላችሁ በየቀኑ አትጠይቁ፣ የቤት ስራ ይመስለዋል። በሳምንቱ "በዛብህን እንዴት አየኸው" በሉትና ያውራ፣ እናንተ ስሙ። ካልወደደው ያለምንም ኩርፊያ ተቀበሉትና ለምን እንደተወው ጠይቁ፣ "ረዘመብኝ" ካለ አጭር፣ "አሳዘነኝ" ካለ የሚያስቅ፣ ቀጣዩን የምትመርጡት ከዚህ መልስ ነው። ከጨረሰ ደግሞ በተራው እሱ ይምረጥላችሁ፣ እና የሰጣችሁ መጽሐፍ የናንተ አይነት ባይሆንም እንኳ አንብቡለት።