የጠቆረ ነሐስ በሎሚ እንጂ በአሸዋ አይጸዳም

ደሴ ላይ ክረምቱና ጉሙ ሲበረታ ቤት ያለ የነሐስ ዕቃ ሁሉ ይጠቁራል። ማንቆርቆሪያው፣ ትሪው፣ የአያት ሙቀጫ። ብዙ ሰው ታዲያ በአሸዋ ወይም በብረት ሽቦ ይፈትገዋል። እባካችሁ ተዉት! ጌጡን ይበላዋል፤ የተጫረው ቦታም ቆሻሻ ይይዛል።

መጀመሪያ በሞቀ ውሃና በሳሙና ቅባቱን አስለቅቁ። ቅባት ካለ ሎሚው አይሠራም። ከዚያ የ2 ወይም የ3 ሎሚ ጭማቂ 1 ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ዕቃውን ንከሩ። ቆማችሁ እዩት። ጥቁሩ ለቆ ቢጫው ብቅ ሲል ወዲያው አውጡት፤ አይደር። ነሐስ መዳብና ዚንክ ነው። አሲዱ ውስጥ ከቆየ ዚንኩ ይወጣና ላዩ ሮዝ ይሆናል። እጀታውና አፉ የተበየዱበት ስንጥቅ ውስጥ አሲድ ስለሚቀር እዚያ በለስላሳ ብሩሽ ደጋግማችሁ እጠቡ። ሳይውል ሳያድር በጨርቅ አድርቁ፣ የውሃ ጠብታ ነጠብጣብ ይተዋል።

አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ግን አታስጠጉ። የእንግሊዝ ጦር ህንድ ውስጥ ፈረስ ጋጣ አጠገብ ያስቀመጠው የነሐስ የጥይት ቀለህ በዝናብ ወቅት ይሰነጠቅ ነበር። ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ በ1921 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ተቀጥቅጦ የተሠራ ትሪም በአሞኒያ እንደዚያው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለጌጥ የተቀመጠ ባዶ ቀለህም በዚሁ የሎሚ ዘዴ ይጸዳል። ያልተተኮሰ ጥይት ከሆነ ግን አትንኩት፤ ልጆቹን አርቃችሁ ለፖሊስ ንገሩ።