ከመግባታችሁ በፊት ግድግዳውን እዩ

እንግሊዝ አገር ጥንታዊ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ካጋጠማችሁ ወደ ውስጥ ለመግባት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በደቡብ በኩል፣ በሩ አካባቢ ያለውን ግድግዳ እዩ። ትንሽ ቀዳዳና ከሱ እንደ ጨረር የወጡ ጭረቶች ያሉበት ድንጋይ ልታገኙ ትችላላችሁ። ልጆች የቧጨሩት እንዳይመስላችሁ! የመካከለኛው ዘመን የፀሐይ ሰዓት ነው። ቀዳዳው ላይ እንጨት ይሰካ ነበር፤ ጥላው ጭረቱ ላይ ሲያርፍ የቅዳሴ ሰዓት መድረሱ ይታወቃል። አንዳንዱ በኋላ በተሠራ በረንዳ ተሸፍኖ ፀሐይ አያገኘውም፤ ያሳዝናል።

ውስጥ ስትገቡ ባትሪ ያዙ፣ የስልክም ይበቃል። ዓምዶቹ ላይ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አብሩ። ቅድም ለስላሳ የመሰለው ድንጋይ ላይ ተጭሮ የተሳለ መስቀል፣ ክብ፣ አንዳንዴም መርከብ ብቅ ይላል። የመዘምራኑ ወንበር ታጣፊ ከሆነም፣ አስፈቅዳችሁ ከሥሩ ያለውን ቅርጽ እዩ።